ዘንጉ ቁመት እንጂ ሊትር አያውቅም

(ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ሞተር ዘይት አለካክ ለሹፌሮችና ለጋራዥ ልጆች የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻሉ ጽፈህ ላክልን ስላሉኝ ትንሽ አስተካክዬ አቀረብኩት። በመሃል የተጠየቅኩትንም አስገብቻለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጡ፤ ንጹሕ ናቸው፣ ጠዋት አስጠርጌያቸዋለሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። እጄ ገና ቁልፍ መጨበጥ የለመደ ሰሞን ነው። አንድ ሚኒባስ ከመንዝ ሲመለስ ድንጋይ ሆዱን መታው። ያን ጊዜ የሞላሌ መንገድ ኮረኮንች ነበር። የሞተሩ የዘይት ቋት፣ ኦይል ፓን የምንለው፣ ተሰነጠቀ። ሹፌሩ የበሰሉ ሰው ስለነበሩ ዘይቱ ሲፈስ ወዲያው አጠፉት። ተጎትቶ እኛ ጋ መጣ።

ኦሪጅናሉ ገበያ ላይ ጠፋ። ከአዲስ አበባ ኮፒ ተገኘ። ገልብጬ አየሁት፤ የቡሎኖቹ ቀዳዳ አንድ በአንድ ገጠመ። ጓርኒሲዮኑም፣ ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገባው፣ ልክ ተቀመጠ። ሆዱ ብቻ ከድሮው ሁለት ጣት ያህል ይጠልቃል። አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽም። «እንዲያውም ብዙ ዘይት ይይዛል» ብዬ አለፍኩት።

የመኪናው ደብተር 5 ሊትር ይላል። 5 ሊትር ጨመርኩ። ዘንጉን፣ የዘይት መለኪያውን፣ ስስበው ዘይቱ የታችኛው ምልክት ላይ ነው። ሞተሩ ገና አልተነሳም፣ ፊልትሮውም፣ የዘይት ማጣሪያው፣ ባዶ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን «5 ሊትር በእጄ ጨምሬ፣ ይሄ ዘንግ ምን ያወራል?» አልኩ። ሊትሩን አመንኩ፣ ዘንጉን ናቅኩ።

በማግሥቱ ለሙከራ ወደ ደብረ ሲና ወረድን። ጣርማበር ድረስ ምንም የለም። ዋሻውን አለፍንና ቁልቁለቱ ጀመረ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ የዘይቷ ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ጠፋች። ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ደግሞ መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ቀይ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዳር ይያዙና ያጥፉት! አሁኑኑ ያጥፉት!»

ዳር ያዙ። እኔ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ዘንጉ ሲወጣ ጫፉ ብቻ እርጥብ ነው። እንደ ዕድል ከወንበሩ ሥር 2 ሊትር ዘይት ነበር። አንዱን ሊትር እዚያው ጨመርን፤ መብራቷ ጠፋች። ቀስ እያልን ደብረ ሲና ገባን። ሜዳ ቦታ አቁመን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ቆይተን ስንለካ ሌላ ግማሽ ሊትር ወሰደ። የሻዩን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ። ብሮንዚን፣ ክራንኩ የሚዞርበት ልባስ፣ ቢመታ ኖሮ የምከፍለውን አስቡት።

5 የተባለው ሞተር 6 ተኩል ጠጣ ማለት ነው። ጥፋቱ የኮፒው አይደለም። ቆርቆሮው ምን አደረገኝ? ዘንጉም እውነቱን ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ዘንጉ ምን እንደሚለካ ያላወቅሁት።

ዘንጉ ሊትር አይለካም። ቁመት ነው የሚለካው። አንድ ማሰሮና አንድ ጋን አቅርቡ። ሁለቱም ላይ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ጎደሎ ትታችሁ ጠላ ሙሉ። ጎደሎው እኩል ነው። ጠላው ግን እኩል ነው? ማሰሮው ለሁለት ሰው ነው፣ ጋኑ ለድግስ። ሞተር ላይም እንደዚያው ነው። ቋቱ ሲለወጥ ሊትሩ ይለወጣል። የዘይቱ ከፍታ ግን ድሮ የነበረበት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ከላይ የሚሽከረከረው ክራንክ ሻፍትና ዘይቱን የሚስበው መሳቢያ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

የላይኛው ምልክት «ከዚህ በላይ ከወጣ ክራንኩ ዘይቱን ይመታል» ነው የሚላችሁ። የታችኛው ደግሞ «ከዚህ ከወረደ ሽቅብና ቁልቁል ላይ መሳቢያው አየር ሊስብ ይችላል» ይላል። እኛ ሰሜን ሸዋ ነን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ዋሻው ከ3,000 በላይ ነው። ከዚያ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ 1,300 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ሜዳ አገር ላይ ግማሽ ሊትር ቢጎድል ወራት ሊያስኬድ ይችላል። እዚህ ጣርማበር አለላችሁ። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን። መሳቢያው ያለበት ጥግ ባዶ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው። ዘንጉ የሚገባበት ቱቦ የት እንደታሰረ መጀመሪያ እዩ። ብዙ ሞተር ላይ ብሎኩ፣ የሞተሩ ዋና አካል፣ ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ ቋቱን ብትቀይሩም ዘንጉ አልተነካም፤ ምልክቶቹ ይሠራሉ። ሊትሩን ብቻ እንደገና ማግኘት ነው። ቱቦው ቋቱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ዘንጉም ከአዲሱ ቋት ጋር ተንቀሳቅሷል። ቱቦው በ1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተበየደ ዘንጉም ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። እናንተ ምልክቱ ድረስ ስትሞሉ ታበዛላችሁ። ዝቅ ካለ ደግሞ «ሞልቷል» እያላችሁ በጎደለ ዘይት ትሄዳላችሁ። ሁለተኛው ይብሳል።

የሌላ መኪና ዘንግ መክተት ደግሞ አለ። «ይገባል እኮ!» ይሉኛል። መግባቱማ ይገባል። የብስክሌት ስፖክም ይገባል።

ስለዚህ ቋቱ ወርዶ ሳለ፣ አዲሱ ሳይታሰር፣ አሥር ደቂቃ ስጡኝ። ኦሪጅናሉን ዘንግ ቦታው ላይ እስከ መጨረሻው ክተቱት። ከሥር ሆናችሁ ስታዩ ከብሎኩ ግርጌ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ጓርኒሲዮኑ ከሚያርፍበት የብሎክ ፊት እስከ ላይኛው ምልክት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ በማስመሪያ ለኩ። ልብ አድርጉ፤ ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ ተጋድሞ ነው የሚወርደው። በዘንጉ ርዝመት አትለኩ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው። 45 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፉት። የታችኛውንም ምልክት እንዲሁ።

ይህ ቁጥር የሞተሩ ነው። ቋት ቢቀየር፣ ዘንግ ቢጠፋ፣ ቱቦ ቢሰበር አይለወጥም። አንድ ጊዜ ካወቃችሁት ማንም አያታልላችሁም።

እግረ መንገዳችሁን መሳቢያውን እዩ። ወንፊት ያለበት ቱቦ ነው፤ ቋቱ ወለል አጠገብ ይደርሳል። ወለሉን ከነካ ዘይት አይስብም። በጣም ከራቀ ደግሞ ከሥሩ ያለው ዘይት ለጌጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃዋል። እንዴት ይለካል? ቋቱ ተዘግቶ ውስጡ አይታይም። እኔ የዳቦ ሊጥ ነው የምጠቀመው። አትሳቁ። የእንቁላል ግማሽ የሚያህል ሊጥ፣ እንዳይጣበቅ ዘይት ቀብታችሁ፣ መሳቢያው የሚያርፍበት ወለል ላይ አስቀምጡ። ቋቱን ከነጓርኒሲዮኑ ግጠሙት፣ አራት ቡሎን ብቻ ያዝ አድርጉ፣ መልሳችሁ አውርዱት። ሊጡ ላይ የወንፊቱ ቅርጽ ታትሞ ታገኙታላችሁ። የቀረውን ውፍረት ለኩ። ከዚያ ሊጡን ቅንጣት ሳታስቀሩ ጥረጉ፤ ወንፊቱ ላይ የተለጠፈ ሊጥ ሌላ ጣጣ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሊጥ ስጠይቃት ዳቦ ልጋግር መስሏት ደስ ብሏት ነበር።

ቋቱን ስትገጥሙ ማሸጊያ ሲሊኮን የምታበዙ ልጆች ደግሞ እባካችሁ። ወደ ውጭ የተረፈው ለዓይን ያስጠላል እንጂ አይጎዳም። ወደ ውስጥ የተረፈው ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ ወንፊቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን የዘይቱን ከፍታ በሚያሳይ ቱቦ መለካት ጋ ደረስን። ይህን ከግንበኞች ነው የተማርኩት። ቤት ሲሠራ ረጅም ነጭ ቱቦ ውሃ ሞልተው፣ አንዱ አንድ ማዕዘን ሌላው ሌላ ማዕዘን ቆሞ፣ «ጨምር፣ ቀንስ፣ በቃ!» ሲባባሉ አይታችኋል። ውሃ ልክ። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። ዘይትም ያው ነው።

ቋቱ ታስሮ፣ ዘይት ሳይገባ፣ የማፍሰሻውን ቡሎን ፍቱ። በቦታው መሃሉ የተበሳ፣ ቱቦ የሚቀበል ቡሎን እሰሩ። የጥርሱ ልክ አንድ መሆን አለበት። ቶርኔሪ ቤት፣ ብረት የሚቀርጹበት፣ ይሠሩላችኋል። ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ሰክታችሁ በክላምፕ አጥብቁት። ጫፉን ከሞተሩ በላይ አንሥታችሁ አንድ ቦታ እሰሩት። ክፍት ይሁን። የዘይት መሙያውንም ክዳን ክፈቱ፤ አየር ካልገባ ዘይቱ በነጻነት አይረጋም።

አሁን በሊትር እየለካችሁ ጨምሩ። ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ግድግዳው ላይ 45 ነው ብለን የለ? ብሎክና ቋት ከሚገናኙበት መስመር 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ቱቦውን ዘንጉ ባለበት አንጻር ያዙት። ሞተር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነው የሚታሰረው። ፊት ለፊት ብትለኩትና ዘንጉ ከኋላ ቢሆን ቁጥሩ ይለያያል። ዘይቱ ምልክታችሁ ላይ ሲቆም እጃችሁን ሰብስቡ። ስንት ሊትር እንደገባ ጻፉ። ዘንጉን ሳቡ። ከቱቦው ጋር ከተስማማ፣ ዘንጉ ታማኝ ነው። ካልተስማማ ዘንጉ ላይ በቀጭን ሞረድ አዲስ መስመር ጫሩ፤ የድሮውንም ሰርዙት። ሁለት ምልክት ያለው ዘንግ ረዳቱን ያሳስተዋል።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ቱቦውን ፍቱ። ይህን ሁለት ጊዜ እላለሁ። ቱቦውን ፍቱ። ዘይት እንዳይባክን ከሥር ንጹሕ ሳፋ አድርጉ፣ የማፍሰሻውን ቡሎን በፍጥነት መልሱ፣ ሳፋ ውስጥ የወረደውን ወደ ሞተሩ መልሱት። ከዚያ አስነሡ። መብራቷ መጥፋቷን እዩ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሥራ፣ አጥፉ። ፊልትሮው ድርሻውን ወስዷል። 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በዘንጉ ለኩና የጎደለውን ሙሉ። መጨረሻ ላይ የተገኘው ድምር የዚያ መኪና አዲሱ ሊትር ነው። ደብተሩ ላይ ያለውን ሰርዛችሁ ይህን ጻፉ። ቋቱ የመጣበት ካርቶን ላይ የተጻፈውንም ብዙ አትመኑት፤ ፊልትሮን ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር አይነግራችሁም።

ኮፒው ከድሮው ጠባብ ወይም ጥልቀቱ ያነሰ ከሆነስ? ነገሩ ይገለበጣል። የደብተሩን ሊትር ስትጨምሩ ይበዛል። ክራንኩ ዘይቱን እንደ ቅቤ ይንጠዋል። ዘይት ተንጦ ቅቤ አይወጣውም፣ አረፋ ነው። አረፋ ብረትን ከብረት አይለይም። ግፊቱ ይወርዳል፣ ፓራኦሊዮው፣ ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ማላብ ይጀምራል፣ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። «ዘይት ቢበዛ ምን አለበት፣ ይጠግባል» የሚል ሹፌር አውቃለሁ። ሞተር በሬ አይደለም።

በነገራችን ላይ ፊልትሮ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ክሪክ የምንላቸው ሁሉ የጣልያን ቃል ናቸው። ዋሻውን የቆፈሩት ሰዎች ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፤ ቃላቸው ግን እኛ ጋራዥ ቀርቷል። ብዙ ልጆች አማርኛ ነው የሚመስላቸው። አሁን አማርኛ ነው።

አለካኩ ላይ ልምጣ፤ ሙግት ያለበት ነው። በብርድ ወይስ በሙቅ? የእኛን ኅዳርና ታኅሣሥ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። 15 ደብሊው 40 የሚባለው ዘይት በ40 ዲግሪ ላይ በ100 ዲግሪ ካለው 7 እጥፍ ገደማ ይወፍራል። 40 ዲግሪ እኮ ገና ለብ ያለ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንደ ማር ነው። ማታ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ አስነሥታችሁ ቦታ ቀይራችሁ ካጠፋችሁት፣ ወደ ላይ የወጣው ዘይት ቶሎ አይወርድም። ወዲያው የለካ ሰው «ጎደለ» ብሎ ይጨምራል።

ዘይት ሲሞቅ ደግሞ ይሰፋል። ከ10 ዲግሪ ወደ 90 ሲደርስ 5 ሊትሩ ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። አንዱ በብርድ፣ አንዱ በሙቅ ለክተው ሁለቱም ትክክል ሆነው ሊጣሉ ይችላሉ። የመኪናችሁ መመሪያ በሙቅ ለኩ ካለ በሙቅ፤ አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ምንም ካላለ እኔ የምመርጠው ማለዳ ነው፤ ሌሊቱን የቆመ ሞተር፣ ሳይነሣ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ዋናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው።

ሜዳ ቦታ ስል ዓይናችሁን አትመኑ። የግንበኛ ባለ አረፋ ውሃ ልክ ሻሲው ላይ አድርጉ። አይሱዙ ያላችሁ በተለይ ስሙኝ። ባዶ ሲሆን ቂጡ ከፍ ይላል። 30 ኩንታል ጤፍ ሲጫን ይወርዳል። ያው መሬት፣ ያው ዘይት፣ ሁለት ንባብ። ባዶውን ከለካችሁ ሁልጊዜ ባዶውን።

ዘንጉን ስትስቡ መጀመሪያ ጥረጉት፤ በጨርቅ፣ በሱሪ አይደለም። ረዳቶች ሰማችሁ? እስከ መጨረሻው ክተቱ፣ አንድ ሁለት ቁጠሩ፣ ሳቡ። ሁለቱንም ፊት እዩ። አንዱ ፊት ከቱቦው ግድግዳ ዘይት ጠርጎ ይወጣል፣ ከፍ ያለ ይመስላል። ዝቅ ያለውን ፊት ያዙ።

አንድ ልጅ ከኋላ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ኮፒ ከመግዛት የተሰነጠቀውን ብናስበይደውስ?»

ከሆነ ጥሩ ነው፣ እኔም እመርጠዋለሁ። ቅርጹ የራሱ ነው፣ ሊትሩም ያው ነው። ግን የተመታ ቋት ወለሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ሳይቃና ከተበየደ መሳቢያውን ይነካል። ሊጡን አትርሱ። ቆርቆሮ ከሆነ ማንም ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል። አሉሚኒየም ከሆነ በያጁን ምረጡ፤ ከተበየደ በኋላም የጓርኒሲዮኑ ፊት አለመጣመሙን መስታወት ላይ ደፍታችሁ እዩ።

ሌላው ደግሞ መኪናው ዘንግ ጭራሽ የለውም፣ ዳሽቦርዱ ላይ ነው የሚያሳየው አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ ላይ ዳሳሹ የሚታሰረው ቋቱ ራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ቋቱ ሲወርድ ዳሳሹም አብሮ ይወርዳል። ሁለት ጣት የጠለቀ ኮፒ ከገጠማችሁ ዳሳሹ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ «ሙሉ ነው» ይላችኋል። እንደዚህ ላለው መኪና ወይ ኦሪጅናሉን ፈልጉ፣ ወይ ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር አንድ የሆነውን። ዘንግ ያለው ላይ ያልኳችሁን ብልሃት እዚህ አትሞክሩት።

አንዲት የሚኒባስ ባለቤት ደግሞ፣ «እኔ ዘይት ሳልጨምር ይጨምራል፣ ይሄስ?» አለችኝ። እህቴ፣ ይሄ የቋት ጉዳይ አይደለም። ወይ ነዳጅ ወይ የራዲያተር ውሃ እየገባ ነው። ዛሬውኑ አስፈትሺው፣ እስከዚያ አታስነሺው።

ወሬው በዚህ አበቃና ወደ ግቢው ወጣን። ባለፈው ሳምንት ኮፒ ቋት የተገጠመለት አንድ ፒክአፕ ቆሞ ነበር፤ የብሎኩን ልክ ቋቱ ወርዶ ሳለ ወስጄ ነበር፣ 52 ሚሊ ሜትር። ዘይቱን አፍስሰን ቱቦውን ሰካን። አንዱ ቱቦውን ያዘ፣ አንዱ በሊትር ጨመረ፣ ሌሎቹ እንደ ግንበኛ «ጨምር፣ ጨምር፣ በቃ!» ይላሉ። ቱቦው 52 ላይ ሲቆም ዘንጉን ሳብን። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት 6 ሚሊ ሜትር አልፎ ተገኘ። ቱቦው ልክ ከሆነ ዘንጉ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን አየው፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሞረድ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ።